ከቀዩ ቀለም ሥር



በስክሪኑ ላይ የምታዩት ዶቅዶቄ ሞቶ ጉዚ ፋልኮኔ 500 ይባላል። የ1950ዎቹ የኢጣሊያ ሥራ ነው፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር። ሰልባትዮው ቀይ ነው፤ ፓራፋንጎዎቹም እንዲሁ። ማኑብሪው ዝቅ ብሎ ነጂውን ወደ ፊት ያስጎነብሰዋል። ማርሚታው ፊት ያሳያል። ያደሰው ሰው አንዲት ቡሎን እንኳ ሳይወለውል አላለፈም።

ይህን ዶቅዶቄ በዘመኑ ማን ይነዳው ነበር ተብሎ ቢጠየቅ፣ አብዛኛው ሰው «ገንዘብ ያለው፣ እሽቅድድም የሚወድ ጎረምሳ» ብሎ ይመልሳል። ፎቶግራፉም የሚያሳብቀው ይህንኑ ነው። እኔ የመጣሁት ግን ሌላ መልስ ይዤ ነው። ፋልኮኔን ያን ያህል ዘመን በሥራ ላይ ያቆየው ደመወዝተኛ ነጂ ነው፤ የአውራ ጎዳናው ፖሊስ፣ ካራቢኔሪው፣ ወታደሩ፣ የከተማው ትራፊክ። ዛሬ የምናየው ቀይ ቀለምም ብዙ ጊዜ የተቀባው በእነዚህ ሰዎች ቀለም ላይ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። በኢጣሊያ ባሕር ኃይል የአየር ክፍል ሦስት ወጣቶች ተዋወቁ። ካርሎ ጉዚ የሚላኖ ልጅ፣ የአውሮፕላን ሞተር መካኒክ ነበር። ጆርጆ ፓሮዲ ከጄኖቫ የመርከብ ባለሀብቶች ቤተሰብ የመጣ አብራሪ ነው። ሦስተኛው ጆቫኒ ራቬሊም አብራሪ ሲሆን፣ ከጦርነቱ በፊት በሞተር ብስክሌት እሽቅድድም ስሙን ያስጠራ የብሬሻ ሰው ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ጉዚ ሞተር ብስክሌት ሊሠራ፣ ፓሮዲ ገንዘብ ሊያመጣ፣ ራቬሊ ሊወዳደርበት ተስማሙ። ራቬሊ ግን ሰላሙን ብዙም ሳያጣጥም በ1919 ክረምት በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በጉዚ ሰልባትዮዎች ላይ ክንፉን ዘርግቶ የሚታየው ንስር የእሱ መታሰቢያ ነው።

ገንዘቡ የመጣው ከጆርጆ አባት ከኤማኑኤሌ ቪቶሪዮ ፓሮዲ ነው። እኚህ ሰው በ1919 መጀመሪያ ለልጃቸው በጻፉት ደብዳቤ፣ ለሙከራው 1,500 ወይም 2,000 ሊሬ እንደሚሰጡ፣ ከዚያ ግን ሰባራ ሳንቲም እንደማይጨምሩ፣ ንድፉን በዓይናቸው አይተው ከወደዱት ደግሞ ያለ ወሰን እንደሚገፉበት አስታወቁ። እንዲህ ያለ አባት ከየትኛው ባንክ ይገኛል? የመጀመሪያው ሞተር በማንዴሎ ዴል ላሪዮ፣ በኮሞ ሐይቅ ዳር፣ በአንድ አንጥረኛ ቤት ተሠርቶ ተገጣጠመ። አባትየው አዩት፤ ወደዱት። መጋቢት 15 ቀን 1921 ኩባንያው በጄኖቫ ተመዘገበ። ፋብሪካው ግን እዚያው ማንዴሎ ቀረ።

አሁን ወደ ሞተሩ ልግባ፤ እዚህ ላይ ጥቂት እንድንቆይ እፈልጋለሁ።

በዘመኑ ሞተር ብስክሌት የሚሠሩ ሰዎች አብዛኞቹ ሲሊንደሩን አቁመው ነበር የሚገጥሙት። ጉዚ አስተኛው። ቴስታታው ወደ ፊት፣ ወደ ፊተኛው ጎማ ይመለከታል። ሲጓዙ ነፋሱ መጀመሪያ የሚያገኘው ቴስታታውን ስለሆነ፣ በጣም የሚሞቀው ክፍል በጣም ይቀዘቅዛል። ክብደቱም ወደ መሬት ይወርድና ዶቅዶቄው በኩርባ ላይ እርግጠኛ ይሆናል። ሁለተኛው ድፍረቱ ቮላኖውን ከሞተሩ ቤት ማውጣቱ ነው። ቮላኖ፣ ሞተሩ በሁለት ፍንዳታዎች መካከል እንዳይንገጫገጭ ግስጋሴውን ይዞ የሚያቆይ ከባድ ክብ ብረት ነው። ሌላው ውስጥ ይደብቀዋል። ጉዚ በጎን በኩል አውጥቶ ሰቀለው። ይህን በማድረጉ የኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ቤት ትንሽና ጠንካራ ሊሆን ቻለ፤ ቮላኖው ደግሞ የፈለገውን ያህል ሰፋ። ኢጣሊያኖች ይህን ሳይሸፈን የሚሽከረከር ብረት የሥጋ መቁረጫ ማሽን እያሉ ይጠሩታል። ሱሪው ሰፊ የሆነ ነጂ ቅጽል ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠፋውም።

ሦስተኛው ነገር ለዓይን አይታይም። ሞተሩና ካምቢዮው በአንድ ቤት ተሠርተዋል፤ ኃይሉም ከኮሎው ወደ ፍሪሲዮኑ የሚሻገረው በካቴና ሳይሆን በጥርስ ነው። ሁለት ጥርሶች ሲነካኩ አንዱ ወደ ቀኝ ከዞረ ሌላው ወደ ግራ ስለሚዞር፣ የጉዚ ኮሎ ከጎማው በተቃራኒ ወደ ኋላ ይሽከረከራል። ለነጂው ምንም ለውጥ የለውም። ላዳሹ ግን አለው፤ ማኜቶውን አፍርሶ ሲገጥም አቅጣጫውን ካላሰበ ዶቅዶቄው አይነሣለትም።

የመጀመሪያው ለገበያ የወጣው ጉዚ ኖርማሌ ተባለ። የሙከራው ሞተር አራት ቫልቭ ያለው፣ እንደ አውሮፕላን ሞተር የተራቀቀ ነበር፤ ለሽያጭ ሲታሰብ ግን ዋጋው ከበደና በሁለት ቫልቭ ተወሰነ። ጉልበቱ ወደ 8 የፈረስ ጉልበት ነው። በ1921 የተሠሩት 17 ብቻ ናቸው። በዚያው ዓመት ግን ጂኖ ፊንዚ በሲሲሊ ታርጋ ፍሎሪዮ ላይ አሸነፈበት፤ ሰውም ያንን የተኛ ሲሊንደር በቁም ነገር ማየት ጀመረ። የፒስተኑ ስፋት 88 ሚሊሜትር፣ ጉዞው 82 ሚሊሜትር ነበር። ከሁለቱ ሲሰላ 498 ሲሲ ግድም ይወጣል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ልብ በሉልኝ፤ ቴስታታው ተለውጧል፣ ቫልቮቹ ተለውጠዋል፣ ሻሲው ተለውጧል፣ 88 በ82 ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከፋብሪካው አልወጣም።

በ1928 የካርሎ ወንድም ጁሴፔ ጉዚ ከኋላ ሞላ ያለው ሻሲ ሠርቶ፣ በራሱ ወገብ ሊፈትነው እስከ አርክቲክ ክበብ ነዳው። ያኔ ከኋላ ሞላ የነበራቸው ሞተር ብስክሌቶች ጥቂት ነበሩ፤ ብዙ ነጂም ሞላ ያለው ዶቅዶቄ ይዋልላል ብሎ ይፈራ ነበር። ጁሴፔ ሞላዎቹን አጋድሞ ከሞተሩ ሥር በሣጥን ውስጥ አስቀመጣቸው። ከጉዞው በኋላ ያ ዓይነት ኖርጄ ተባለ። የፋልኮኔም የኋላ ሞላ እዚያው ሞተሩ ሥር ነው ያለው።

በ1930ዎቹ አንድ አዲስ ደንበኛ መጣ። የኢጣሊያ ጦር ነው። ጉዚ ጂቲ 17 የተባለውን ከ1932 እስከ 1939 ለጦሩ ሠራለት፤ ከዚያ አልቼ የተባለው ተተካ። ደንበኛው ማን እንደነበር እዚህ ለተሰበሰበው ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም። በ1935 ድንበራችንን ጥሶ የገባው ያው ጦር ነው። ስለ ውብ አሮጌ ማሽኖች የሚጽፉ ሰዎች ይህችን ምዕራፍ በአንድ መስመር አልፈዋት ወደ እሽቅድድሙ ሲሮጡ ሳይ ደስ አይለኝም። ፋብሪካው ለመንግሥት ማቅረብን፣ ብዙ መሥራትን፣ በመስክ የሚጠገን ነገር መንደፍን የተማረው በእነዚህ ዓመታት ነው። ፋልኮኔ ከዚህ ትምህርት ውጭ አይገባንም።

ጦርነቱ ሲያልቅ ኢጣሊያ ባዶ ኪስ፣ ፍርስራሽ ድልድይ፣ ሥራ ፈላጊ ሕዝብ ነበረች። ሰው መኪና መግዛት አይችልም፤ መንቀሳቀስ ግን ግድ ነው። ጉዚ በ1946 ጉዚኖ የተባለችውን 65 ሲሲ አወጣ፤ በ1950 ደግሞ ትልልቅ ጎማ ያለው ጋሌቶ ተከተለ። የፋብሪካው እንጀራ እነዚህ ትናንሾቹ ነበሩ። በዘመኑ የጉዚ ዶቅዶቄዎች ስሞች አብዛኞቹ ከወፍ የተወሰዱ ናቸው፤ ጋሌቶ አውራ ዶሮ፣ አይሮኔ ሳቢሳ ማለት ነው። በዚሁ በ1950 ከሁሉ በላይ የሚቀመጠው ጭልፊቱ፣ ፋልኮኔ፣ ብቅ አለ። መጀመሪያ አንድ ዓይነት ብቻ ነበር፤ ከ1953 ጀምሮ ግን ስፖርትና ቱሪስሞ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ።

የሁለቱ ልዩነት ለታሪካችን ቁልፍ ነው። ስፖርቱ 23 የፈረስ ጉልበት አለው፤ በሰዓት እስከ 135 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ቱሪስሞው ወደ 19 የፈረስ ጉልበትና 120 ኪሎ ሜትር ይዞ ይቀራል። ስፖርቱ ዝቅ ያለ ማኑብሪና ወደ ኋላ የተገፋ የእግር መርገጫ ሲኖረው፣ ቱሪስሞው ነጂውን ቀጥ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ክብደታቸው 170 ኪሎ ግድም ነው። ስፖርቱ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው ኮሎው በደቂቃ 4,500 ዙር ሲዞር ነው። ዛሬ በየሠፈሩ የሚያልፉት ትናንሽ ዶቅዶቄዎች ከዚህ እጅግ በላይ ነው የሚጮኹት። ፋልኮኔ አይጮኽም። ቆሞ ሲሠራ ምቱ አንድ በአንድ ይሰማል፤ አዋቂ ነጂ ደግሞ ማኜቶውን አዘግይቶ ከዚያም ዝግ ያደርገዋል፣ ለሰው ለማሳየት።

አነሣሡም ወግ አለው። ነዳጅ ይከፈታል፤ ካርቡራተሩ ትንሽ እስኪያጥለቀልቅ ይነካል። በማኑብሪው ላይ ያለው የማኜቶ ዘንግ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን የረሳ ሰው መርገጫው መልሶ ቁርጭምጭሚቱን ይመታዋል። በእግር ቀስ ብሎ እየገፉ ፒስተኑ የሚጠነክርበትን ቦታ መፈለግ፣ ቫልቭ የምታነሣውን ዘንግ ስቦ ያንን ጠንካራ ቦታ ማሳለፍ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ፣ በሙሉ ክብደት፣ ሳያመነቱ መርገጥ። ባትሪ አያስፈልገውም፤ ማኜቶው ለካንዴላው የሚሆነውን እሳት ራሱ ያመነጫል። ለፖሊስ ጣቢያ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሌሊት ሁሉ ቆሞ ያደረ ዶቅዶቄ ባትሪው ቢደክም ባይደክም ይነሣል።

በዚሁ ዘመን የዚያው ፋብሪካ የእሽቅድድም ክፍል ሌላ ዓለም ውስጥ ነበር። ኢንጂነር ጁሊዮ ቼዛሬ ካርካኖ በ1955 ስምንት ሲሊንደር ያለው 500 ሲሲ ሞተር ሠርቶ አስደመመ፤ እስካሁን በመጻሕፍት ሽፋን ላይ የሚወጣው እሱ ነው። የዓለም ዋንጫ ያመጣው ግን ሌላው ነው። ከ1953 እስከ 1957 ባሉት አምስት ዓመታት የ350 ሲሲ ሻምፒዮናውን ተከታትሎ የወሰደው አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው፣ ያም እንደ ኖርማሌ ተጋድሞ የተኛ ሞተር ነበር። ፈርገስ አንደርሰን ሁለቴ፣ ቢል ሎማስ ሁለቴ፣ ኪት ካምቤል አንዴ አሸነፉበት። በ1957 መጨረሻ ጉዚ፣ ጂሌራና ሞንዲያል ወጪው ስለከበዳቸው ከዓለም ሻምፒዮናው ወጡ። በዚያው ዓመት ግንቦት በሚሌ ሚሊያ የመኪና እሽቅድድም ላይ ተመልካቾች ካለቁ በኋላ በኢጣሊያ የሕዝብ መንገዶች ላይ የሚደረገው የፍጥነት ውድድር ተዘጋ። ፋልኮኔ ስፖርትን የገዛው ጎረምሳ ከሚላኖ እስከ ታራንቶ በሕጋዊ መንገድ የሚሽቀዳደምበት ዘመን በዚህ አበቃ።

የባሰው መዓት የመጣው ግን ከፊያት ነው። በ1955 ፊያት 600 በ590,000 ሊሬ ወጣ። በ1957 ደግሞ ትንሿ 500 በ490,000 ሊሬ። አራት ጎማ፣ ጣሪያ፣ ለሚስትና ለልጆች መቀመጫ። ዝናብ በሚዘንብበት አገር ትልቅ ሞተር ብስክሌት ሊገዛ ያሰበ አባወራ ሌላ ምን ምክር ያስፈልገዋል? የትልልቆቹ ዶቅዶቄዎች ገበያ ዓመት ከዓመት ሟሸሸ። በአመክንዮ ከሄድን ፋልኮኔ እዚያው መሞት ነበረበት።

አልሞተም። ምክንያቱ ግራጫ አረንጓዴ፣ የመንግሥት ዶቅዶቄዎች ቀለም ነው። በ1947 የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ፖሊስ፣ ካራቢኔሪው፣ ጦሩ፣ ፕሬዚዳንቱን የሚያጅቡት ረዣዥሞቹ ኮራጺየሪዎች፣ የየከተማው ትራፊኮች፣ ሁሉም ጉዚን ያውቁታል፤ መካኒኮቻቸው እሱን ጠግነው ነው ያረጁት። አልቤርቶ ሶርዲ በ1960 ሉዊጂ ዛምፓ በሠራው «ኢል ቪጂሌ» ፊልም የሞተረኛ ትራፊክ ሆኖ ሲጫወት የሚቀመጠው በጉዚ ላይ ነው፤ የኢጣሊያ ተመልካች ሌላ ነገር ቢያይ ይገርመው ነበር። ሲቪሉ ገዢ ፊቱን ሲያዞር የመንግሥት ትእዛዝ ቀጠለ፤ ፋልኮኔም በዚህ ትእዛዝ እስከ 1967 ድረስ ቆየ። ከታዘዙትም የሚበዙት ቱሪስሞውን መሠረት ያደረጉ ነበሩ። ቀን ሙሉ ለሚነዳ ሰው ቀጥ ብሎ መቀመጥ ይሻላልና።

ካርሎ ጉዚ በ1964 አረፈ። ኩባንያው በዕዳ ተይዞ በ1966 በአስተዳዳሪ እጅ ወደቀ፤ በ1967 ሴይም የተባለ ድርጅት ተረከበው። ከውድቀት ያወጣው ቪ7 የተባለው ባለሁለት ሲሊንደር ነው፤ የቪ7ም ታሪክ ከፖሊስ ፍላጎት ጋር የተያያዘ ነው። ይሁንና የጦሩና የፖሊሱ ሰዎች አንድ ሲሊንደር ያለውን፣ ቀላሉን፣ ርካሹን አሁንም ይፈልጉ ነበር። ፋብሪካው በ1969 ኑዎቮ ፋልኮኔን አቀረበላቸው። ቮላኖው ወደ ውስጥ ገባ፤ ሻሲው አዲስ ሆነ፤ ክብደቱም ጨመረ። 88 በ82 ግን እዚያው ነበር። በ1976 ቆመ። እኔ ኑዎቮውን ብዙም አልወደውም፤ ቮላኖው የተሸፈነ ጉዚ የሆነ ነገሩ ተወስዶበታል። ገዥው ወታደር ግን እንዲህ ያለ ቅሬታ አልነበረውም።

እንግዲህ ወደ ስክሪኑ ልመልሳችሁ። መንግሥት ዶቅዶቄዎቹ ሲያረጁ በጨረታ ይሸጣቸዋል። ሰብሳቢው ይገዛል። ግራጫ አረንጓዴ ቱሪስሞ ይዞ ገብቶ ምን ያደርጋል? ቀይ ስፖርት ከፍ ያለ ዋጋ ያወጣል፤ ለዓይንም ያምራል። ማኑብሪው ዝቅ ይላል፣ መርገጫው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ቀይ ይቀባል። ስለዚህ በየትርኢቱ የምናያቸው ስፖርቶች ሁሉ ስፖርት ሆነው አልተወለዱም። አንዳንዱ ሻጭ ይህን በግልጽ ይናገራል፤ አንዳንዱ ዝም ይላል።

ዝም ያለውን ዶቅዶቄው ያጋልጠዋል። ቀለም የማይደርስባቸው ቦታዎች አሉ፤ ከሰልባትዮው ሆድ ሥር፣ ከመብራቱ ገንዳ ውስጥ፣ ከሣጥኑ ክዳን ጀርባ። እዚያ በጥፍር ሲጫር አረንጓዴው ይወጣል። የሳይረን ማሰሪያ የነበረ ቀዳዳ በብየዳ ተደፍኖ ይገኛል። የሻሲና የሞተር ቁጥር ከመዝገብ ጋር ይመሳከራል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ውስጡ ነው፤ ስፖርቱ ቤንዚኑን ይበልጥ የሚጨምቅ ፒስተንና የራሱ ካርቡራተር አለው። ቀይ ቀለምና ዝቅ ያለ ማኑብሪ አራቱን የፈረስ ጉልበት አይጨምሩም፤ ዳገት ላይ ይታወቃል።

የማደስ ሥራው በራሱ የተከበረ ሙያ መሆኑን አልክድም። የማኜቶው ጥቅል በርጥበት ስለሚበላሽ እንደገና ይጠቀለላል። የቢዬላው ኩሽኔታ ይለወጣል። ሲሊንደሩ ይላጥና ለልኩ የሚሆን ፒስተን ይሰጠዋል። የፍሪሲዮኑ ሰሌዳዎች፣ የኋላው የፍትጊያ አሞርዛተር፣ በሣጥኑ ውስጥ የዛጉ ሞላዎች ሁሉ ተራ አላቸው። የእኔ ጠብ ከዚህ ጋር አይደለም፤ ከመወልወሉ ጋር ነው። ፋብሪካው ከአሸዋ ቅርጽ አውጥቶ ሻካራ የተወውን አሉሚኒየም መስታወት እስኪመስል የሚፍቁ አሉ። ደብዛዛ የነበሩ ቡሎኖች ክሮም ይነከራሉ። ውጤቱ ከማንዴሎ በር በዚያ መልክ ወጥቶ የማያውቅ ነገር ነው። በ1966 የተመሠረተው የኢጣሊያ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ማኅበር የምስክር ወረቀት ሲሰጥ ማሽኑ ከመጀመሪያው ሥሪቱ ምን ያህል እንዳልራቀ ያያል፤ ትክክል ነው። እኔ ብሆን ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ። አንድ ቱሪስሞ ከፋብሪካ ወጥቶ ለዓመታት የትራፊክ ዶቅዶቄ ከሆነ፣ «የመጀመሪያው» የሚባለው የትራፊኩ ሕይወት ጭምር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ያስቀኛል። አዳሹ ግራጫ አረንጓዴውን ገፍፎ ሲጥል፣ የሚገዛውን ዕቃ ሁሉ የሚያገኘው በዚያው ግራጫ አረንጓዴ ምክንያት ነው። አልቼ፣ ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ሱፐርአልቼ፣ አስቶሬ፣ ፋልኮኔ፣ ሁሉም ከአንድ ዘር ስለሆኑ ብዙ ዕቃ ይዋዋሳሉ። መንግሥት ለአሥርተ ዓመታት ባያዝ ኖሮ ያን ያህል ማሽን አይኖርም፤ ያን ያህል ማሽን ባይኖር ዛሬ ፒስተንና ጓርኒሲዮን ቀርጾ መሸጥ ለማን ያዋጣ ነበር? ስምንት ሲሊንደሩን ሊያድስ የተነሣ ሰው ዕቃውን አንድ በአንድ በገዛ ቶርኖ ቤቱ ከማስቀረጽ በቀር ምርጫ የለውም።

ከመካከላችሁ በአያቱ ግቢ፣ ከቆርቆሮ ጀርባ፣ አሮጌ ዶቅዶቄ ያለው ሰው ካለ፣ ብርጭቆ ወረቀት ከመግዛቱ በፊት ይህን ያድርግ። እንደቆመ ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሣው። የሻሲውንና የሞተሩን ቁጥር ይጻፍ። የዛጉትን ቡሎኖች በጣሳ ያጠራቅም እንጂ አይጣል፤ ልካቸውንና ጥርሳቸውን የሚነግሩት እነሱ ናቸው። ቀለሙን ማስነሣቱ ግድ ከሆነበት፣ ከሰልባትዮው ሥር የመዳፍ ያህል ቦታ ሳይነካ ይተው። አሁን መብራቱን አብሩልኝና ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።